ሃሪ ቤላፎንቴ፦ ለትወና ሲል የዘፈነ ሰው

ፊልም_ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ሰሞኑን እየከነከነኝ ነው። የሃሪ ቤላፎንቴን ስም ባነሳሁ ቁጥር ሰው ሁሉ «ያ የሙዝ ዘፈኑ ሰውዬ?» ይለኛል። አዎ፣ እሱ ነው። እኔ ግን ሰውየው ከሁሉ በፊት ተዋናይ ነበር እላለሁ። ዘፋኝነቱ ራሱ ከትወናው የወጣ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቤላፎንቴ በ1927 ኒው ዮርክ፣ ሀርለም ውስጥ ተወለደ። እናቱ ከጃማይካ የመጣች የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። የልጅነቱን ከፊል እዚያው ጃማይካ አሳልፏል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ባሕር ኃይል ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ያገኘው ሥራ የሕንፃ ጽዳትና ጥገና ነው። አንድ ቀን እዚያ ሕንፃ ላይ ለምትኖር ሴት የመስኮት መጋረጃ ጠገነላት። ጉርሻ አድርጋ የሰጠችው ሁለት የቲያትር ትኬት ነበር። አሜሪካን ኔግሮ ቲያትር የሚባል፣ ጥቁሮች ያቋቋሙት ቡድን ነው። ገብቶ አየ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየውም። እዚያው ደጅ ጠንቶ መድረክ እየሠራና ዕቃ እየተሸከመ ጀመረ።

ኋላ ታዋቂ ተዋናይ የሆነውን ሲድኒ ፖይቲየርን ያገኘው እዚያ ነው። ሁለቱም የ1927 ልጆች ናቸው። የሚበላለጡት በዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም የካሪቢያን ሰው ልጆች፣ ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ። ቲያትር ማየት ሲያምራቸው ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ ትኬት ይገዛሉ። አንደኛው የመጀመሪያውን ክፍል ያያል። በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ቁራጯን ትኬት ውጭ ለሚጠብቀው ጓደኛው ያቀብላል። ታሪኩ የት እንደደረሰም ቶሎ ቶሎ ይነግረዋል። ቀሪውን ያኛው ገብቶ ያያል። ይህችን ታሪክ በጣም ነው የምወዳት። ግማሹን ታሪክ ከጓደኛ አፍ ሰምቶ ግማሹን በዓይን ማየት ለተዋናይ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ከዚያ ኒው ስኩል የሚባል ተቋም ውስጥ ድራማ መማር ጀመረ። መምህሩ ከጀርመን የተሰደደው ኤርቪን ፒስካቶር ነው። ማርሎን ብራንዶ፣ ዋልተር ማታውና ቶኒ ከርቲስም ያለፉት በዚያው ቤት ነው። የትምህርት ክፍያው ግን ከየት ይምጣ? ሮያል ሩስት በሚባል የጃዝ ክለብ መዝፈን ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከኋላው ቆመው ያጀቡት የጃዝ ኮከቦቹ እነ ቻርሊ ፓርከርና ማክስ ሮች ናቸው! ልጁ ግን የዘፈነው የትወና ትምህርቱን ለመክፈል ነው። ነገሬ ይኸው ነው። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ዜማ_ሰሚ

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን አልስማማም። በምን ጀመረ ሌላ፣ ምን ሆነ ሌላ። «ካሊፕሶ» የተባለው አልበሙ የወጣው በ1956 ነው። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 31 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ያውም ኤልቪስ ፕሪስሊ አሜሪካን ባናወጠበት ዓመት። አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሠራው አልበም በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ ያ የመጀመሪያው ነው የሚባለው። ይህንን የሠራ ሰው ዘፋኝ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ደግሞ ሙዚቃውን እንደ ትርፍ ሥራ አልያዘውም። መጀመሪያ ያዘፈኑት የዘመኑን ተራ የፍቅር ዘፈን ነበር። አልጣመውም፣ እርግፍ አድርጎ ተወው። ግሪንዊች ቪሌጅ የሚባል የኒው ዮርክ ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። በዚያው ጊዜ የሕዝብ ዘፈን ማጥናት ጀመረ። ዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዶ በመስክ የተቀዱ የድሮ ዜማዎችን ያዳምጥ ነበር። በ1951 ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ክለብ መድረክ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

አንድ ነገርም ላርም። ሰው የሚጠራበት «የካሊፕሶ ንጉሥ» የሚለው ስም የገበያ ስም ነው። ካሊፕሶ የትሪኒዳድ የሙዚቃ ሀብት ነው፤ የትሪኒዳድ ሰዎችም በዚህ ቅር ይላቸው ነበር። የሙዝ ዘፈኑ የጃማይካ የወደብ ሠራተኞች የሥራ ዘፈን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሙዝ ዘለላ እየተሸከሙ መርከብ ላይ ይጭናሉ። ሲነጋ ቆጣሪው መጥቶ እንዲቆጥርላቸውና ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ይለምናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የኛ ገበሬ ደቦ ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። አልበሙ ላይ ያሉትን አብዛኛዎቹን ዘፈኖች ያዘጋጀው ደግሞ ኢርቪንግ በርጊ ነው። ስሙ ሲነሳ ስለማልሰማ እዚህ ልጥቀሰው።

ትንሿ_ሮዛ

እኔ ዘፈኑን ያወቅኩት ከ«ቢትልጁስ» ፊልም ነው 🙂 እራት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሳይፈልጉ አካላቸው እየታዘዘ የሚዘፍኑበት ቦታ አለ። የ1988 ፊልም ነው። ድምፁ የማን እንደሆነ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ግን ፊልም ወዳድ፣ ተዋናይ ነበር ካልክ ፊልሞቹ የታሉ? የሲድኒ ፖይቲየርን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። የሱን ግን አንድ ጥራ ብትሉኝ አልችልም።

ፊልም_ወዳድ

ሮዚ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። መልሱ ትንሽ ያሳዝናል።

በ1954 ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ ብሮድዌይ ላይ በሠራው ትርኢት የአሜሪካ ቲያትር ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን አገኘ። ቶኒ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው። በዚያው ዓመት ኦቶ ፕሪሚንገር ያዘጋጀው «ካርመን ጆንስ» ወጣ። ቢዜ የተባለውን የፈረንሳይ አቀናባሪ «ካርመን» የተሰኘ ኦፔራ ወስደው ታሪኩን ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ያዞሩበት ፊልም ነው። ዶሮቲ ዳንድሪጅ ካርመንን፣ ቤላፎንቴ ጆ የተባለውን ወታደር ሆነው ይሠራሉ። ሁለቱም ዘፋኞች ናቸው። ታዲያ ፊልሙ ላይ ሲዘፍኑ የምትሰሙት ድምፅ የነሱ አይደለም! ዜማው የኦፔራ ድምፅ ይፈልጋል ተብሎ የሷን ማሪሊን ሆርን፣ የሱን ሌቨርን ሃቸርሰን ዘፈኑት።

እኔ ፊልሙን ሳየው ዓይኔ ጉሮሮው ላይ ነው የቀረው። አፉ ይከፈታል፣ ደረቱ ይነፋል፣ የሚወጣው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። በድምፁ ሊታወቅ ጫፍ የደረሰ ሰው ድምፁን ተነጥቆ በፊቱና በትከሻው ብቻ ሲሠራ ታያላችሁ። ይሠራዋልም። የቅናቱን፣ የውርደቱን መጠን ዓይኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ተዋናይ ነው የምለው እንዲህ ያለውን አይቼ ነው።

ከዚያ በ1957 «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» መጣ። በጥቁር ወንድና በነጭ ሴት መካከል ፍቅር ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ፊልም ነው፤ ያውም በፍርሃት። ከጆን ፎንቴን ጋር አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳሙም። እንደዚያም ሆኖ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ትልቅ ጩኸት ተነሳ። የራሱን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ በ1959 «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው»ን ሠራ። ሮበርት ዋይዝ ነው ያዘጋጀው። ባንክ ሊዘርፉ የሚነሱ ሦስት ሰዎች ታሪክ ነው። አንደኛው ነጭ ዘረኛ ነው፤ ጥላቻው ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል። ሮዚ፣ አንድ ብቻ ልታዪ ከሆነ ይህንን እዪ።

ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1970 ድረስ ፊልም ላይ የለም። አሥር ዓመት! በዕድሜውም በመልኩም ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ። ያባረረው ሰው የለም። የሚያመጡለትን ገጸ ባሕርይ አልወድም ብሎ ነው። «ፖርጊ ኤንድ ቤስ»ን እምቢ አለ፤ ፖይቲየር ሠራው። «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ»ንም እምቢ አለ፤ ያንንም ፖይቲየር ሠራና በ1964 ኦስካር ወሰደበት።

ጥያቄ_አለኝ

እዚህ ላይ ልቃወም። እምቢ ማለቱን ብቻ እያወደሳችሁ ነው። ፖይቲየርስ? እሱ ገባ፣ ተቀበለ፣ እያንዳንዷን ትንሽ ቦታ አሰፋ። ቤላፎንቴ እምቢ ማለት የቻለው አዳራሽ ሞልቶ ስለሚዘፍን ነው። ፊልም ቢቀርበት ጦሙን አያድርም። ፖይቲየር ሌላ እንጀራ አልነበረውም። ኦስካሩ ስንት ጥቁር ተዋናይ እንዳስገባ አስቡት። አሥር ዓመት ከስክሪን መጥፋት ለተመልካቹም ኪሳራ ነው።

ፊልም_ወዳድ

ይህን የምትለው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ዜማ ሰሚም ያሸነፈኝ እዚህ ጋ ነው። ዘፈኑ ባይኖር እምቢታው አይኖርም ነበር። በፊት የትወና ትምህርቱን የከፈለለት ዘፈን፣ ኋላ ደግሞ ከመጥፎ ፊልም አዳነው። እኔ ሁለቱን መለያየቴ ነው ስህተቱ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የፖይቲየር ዕድል የተከፈተው በቤላፎንቴ መቅረት ነው። ወጣት ሳሉ አንድ ቲያትር ላይ ዋናው ቤላፎንቴ፣ ተለዋጩ ፖይቲየር ነበር። አንድ ቀን ቤላፎንቴ የጽዳት ሥራው ያዘውና ቀረ። ፖይቲየር ገባለት። ያን ቀን ደግሞ አንድ የብሮድዌይ አዘጋጅ ሊያይ መጥቶ ነበር። ፖይቲየርን ወሰደው። ሁለቱ በዚህ ሲቀላለዱ ኖረዋል። ሲኮራረፉም ኖረዋል፤ ሲታረቁም እንዲሁ። በ1972 «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር»ን አብረው ሠሩ፤ ያዘጋጀው ፖይቲየር ነው። ቤላፎንቴ እዚያ ላይ ጥርሱ የበሰበሰ፣ ቆሻሻ፣ አጭበርባሪ ሰባኪ ነው። ያ መልከ መልካም ሰው! መልኩን እንዲህ አበላሽቶ ሲጫወት ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

በ1996 ደግሞ ሮበርት አልትማን «ካንሳስ ሲቲ» ላይ የወንበዴ አለቃ አደረገው። በዚያ ሥራው የኒው ዮርክ የፊልም ሃያሲያን በረዳት ተዋናይነት ሸልመውታል። ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዜማ_ሰሚ

ይህ ዘፈንና ትወና አንድ ላይ መሄዱ ለኛ እንግዳ አይደለም እኮ። አስናቀች ወርቁን አስቡ። ክራሯን ይዛ ስትዘፍንም፣ ቲያትር ላይ ስትቆምም ያቺው አስናቀች ነበረች።

የሀርለም_ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ኒው ዮርክ ነው። 115ኛው መንገድ ላይ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ2017 ጀምሮ በሃሪ ቤላፎንቴ ስም ነው የሚጠራው። ልጆቼን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እወስዳቸዋለሁ። በሩ ላይ ስሙን ሲያነቡ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ስለዚህ ይህን ክር በደንብ ነው ያነበብኩት።

ቴሌቪዥኑን ረሳችሁት። በ1959 የራሱን ትርኢት ሠራ፤ በዚያ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሲሸለም ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ትርኢት ሲቀጥል ግን ስፖንሰሩ ነጭና ጥቁር አብረው መድረክ ላይ አይታዩ አለ። አሻፈረኝ ብሎ ጥሎ ወጣ።

በ1968 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ፔቱላ ክላርክ ትርኢቷ ላይ ጋበዘችው። አብረው ሲዘፍኑ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ይኸው ነው፣ ክንድ መያዝ! ስፖንሰር ያደረገው የመኪና ኩባንያ ሰው ተቆጣ፤ ሌላ ቅጂ ይተላለፍ አለ። እሷና ባለቤቷ ሌሎቹን ቅጂዎች በሙሉ አጥፍተው ያቺን ብቻ አስቀሩ። ትርኢቱ የተላለፈው በኤፕሪል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ሰሞን ነው። ኪንግ ደግሞ የቤላፎንቴ የቅርብ ወዳጅ ነበር። በ1963 አላባማ፣ በርሚንግሃም ላይ የጥቁሮች መብት ሰልፈኞች ሲታሰሩ ለዋስ የሚሆን ገንዘብ ያሰባሰበው ቤላፎንቴ ነው። በ1964 ከፖይቲየር ጋር 70,000 ዶላር በሐኪም ቦርሳ ይዘው ሚሲሲፒ፣ ግሪንውድ ድረስ በሌሊት ሄደዋል። ለመራጮች ምዝገባ ለሚሠሩት ወጣቶች ነው። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን መኪኖች ከኋላ ተከትለዋቸው ነበር። ፊልም ወዳድ አሥር ዓመት ጠፋ ያለው፣ የጠፋው እዚህ ነው።

የደሴው

ልጆቼ፣ የዚህን ሰው ነገር ስታነሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በ77 እኔ ወሎ ውስጥ መጠለያ ጣቢያ የጤና ረዳት ነበርኩ። የልጆችን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ እየለካን ማን አስቀድሞ እንደሚመገብ እንለይ ነበር። የዱቄት ወተት ከዘይትና ከስኳር ጋር በትልቅ በርሜል እናማስላለን። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እጄ ላይ የዘይትና የወተቱ ሽታ ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም።

የአሜሪካ ዘፋኞች ለረሃቡ ዕርዳታ የዘፈኑት «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተቀዳው በኛ ጥር 20 ቀን 1977 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ማይክል ጃክሰንን፣ ላዮኔል ሪቺንና ኩዊንሲ ጆንስን ነው። ነገሩን የጀመረው ግን ቤላፎንቴ ነው። የኛን ሰው ሲሞት በቴሌቪዥን አይቶ ኬን ክራገን ወደሚባለው የዘፋኞች ሥራ አስኪያጅ ስልክ የደወለው እሱ ነው። በሰኔ ወር ከዕርዳታው ጋር አገራችን ድረስ መጣ። እኔ በዓይኔ አላየሁትም። መምጣቱን ግን ያኔ ሰምተናል። ዘፈኑ በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል።

ዘፈኑ ውስጥ የአገራችን ስም አለመጠራቱን አውቃለሁ። ስማችን ከዚያ በኋላ ከረሃብ ጋር ተጣብቆ መቅረቱም ያመኛል። ሰውየውን ግን አመሰግናለሁ። ሰዉ ሁሉ ዘፈኑን ሲያነሳ የሱን ስም ሲዘነጋ ቅር ይለኛል።

ጥያቄ_አለኝ

ጋሼ፣ ስለ ጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከቻሉ ስለዚያ ጊዜ ራሱን የቻለ ክር ይክፈቱልን።

ዜማ_ሰሚ

ጋሼ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። የዚያን ሌሊት ቀረጻ ቪዲዮ እዩት። ቤላፎንቴ ብቻውን የሚዘፍናት አንዲት ስንኝ የለችውም። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ተቀባዮቹ መሃል ነው የቆመው። ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ሁሉም ደክሟቸዋል። በመሃል አል ጃሮ የሙዝ ዘፈኑን ጀመረ። ስቲቪ ዋንደርና ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ክፍሉ ሙሉ ያንን የወደብ ሠራተኞች ዘፈን ለሱ ዘፈነለት። የሱን ፊት እዩ። ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው ሊነጋ ሲል የሚዘፈን ዘፈን ነው፤ እነሱም ሲሠሩ ሊያድሩ ነው።

ፊልም_ወዳድ

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ፊልም ላይ የታየው በ2018፣ ስፓይክ ሊ ባዘጋጀው «ብላክ ክላንስማን» ነው። 91 ዓመቱ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ በ1916 ዌኮ፣ ቴክሳስ ውስጥ በነጮች መንጋ ተቃጥሎ ስለተገደለው ጥቁር ወጣት ለተማሪዎች ይተርካል። አይነሳም፣ አይጮህም። ድምፁ በእርጅና ሻክሯል፤ የሚተርከው በዚያው በሻከረ ድምፅ ነው። ወጣቶቹ እግሩ ሥር ተቀምጠው ያዳምጡታል። በኤፕሪል 2023፣ በ96 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ።

ትንሿ_ሮዛ

እዪ የተባልኩትን አልረሳሁም። ፊልሙን ገና አላየሁትም፤ በ1959 ካርኔጊ አዳራሽ የተቀዳውን ኮንሰርት ግን ዛሬ ከእናቴ ጋር ሰማነው። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ እንግሊዝኛውን ብዙም አትሰማውም። «ማቲልዳ» የምትባለው ዘፈን ጋ ደረስን። ገንዘቡን ሁሉ ይዛበት ወደ ቬኔዙዌላ ስለጠፋች ሴት ነው የሚዘፍነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው! ሰዉን በየተራ ያዘፍነዋል። ቆይቶ ደግሞ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሴቶች ብቻ ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

እናቴ «ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚስቁት?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጀበናውን ይዛ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ተራው ሲደርስ «ማቲልዳ» ብላ ተቀበለችው። ሁለተኛውን ሲኒ ስትሰጠኝም እየዘፈነች ነበር።

ነገም አሰሚኝ ብላኛለች። ከየትኛው ልቀጥል?